የኦስፕሬይ ጎጆ ላይ ትልቁ ጫጩት ትንሿን ይደበድባል፣ እናት ዝም ብላ ታያለች። ምንድን ነው ነገሩ?

ሃምፕተን_ነዋሪ፦
ሰላም ወገን። ያለሁት ቨርጂኒያ፣ ሃምፕተን ነው። አሳ የማጠምድበት ቦታ ፊት ለፊት ውሃው መሀል ለጀልባ መንገድ የሚያሳይ ምሰሶ አለ። አናቱ ላይ ኦስፕሬይ ጎጆ ሠርቶ ፈልፍሏል። ለማታውቁት፣ ጀርባው ጥቁር ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ፣ ከዓይኑ እስከ ማጅራቱ ጥቁር መስመር ያለው ትልቅ አዳኝ ወፍ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ምግቡ አሳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ጫጩቶቹ ሦስት ነበሩ፣ አንዷ ጠፋች። አሁን ደግሞ ትልቁ ትንሿን አናት አናቷን እየጠቀጠቀ አንገቷን ያስደፋታል። እናትየው አጠገባቸው ቆማ ወደ ሌላ ታያለች። እውነት ለመናገር አናደደችኝ። ሰው ወጥቶ ትንሿን ሊያወጣት አይችልም?

ዶሮ_ወጥ_ብቻ፦
እኛም ቤት ታላቅ ወንድሜ የኔን ሥጋ ሲለቅም እናቴ ወደ ሌላ ነበር የምታየው። ይኸው አድጌያለሁ ሃሃሃ።

ወፍ_አያመልጠኝም፦
ወንድሜ፣ እናትየውን አትውቀስ። መውጣቱን ደግሞ ጭራሽ እንዳታስበው። ከ1918 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ አለ፤ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ያለ ፈቃድ መንካት ወንጀል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንቁላሉ ነው። ኦስፕሬይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትጥላለች፣ ግን በአንድ ቀን አይደለም። በየመሀሉ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ይሆናል። መታቀፍ የምትጀምረው ደግሞ የመጨረሻውን ሳትጠብቅ ነው። ስለዚህ ከ5 ሳምንት ምናምን በኋላ ሲፈለፈሉ የመጀመሪያው ጫጩት የመጨረሻዋን በብዙ ቀን ይበልጣታል። በዚያ ዕድሜ አምስት ቀን ማለት እጥፍ ኪሎ ማለት ነው።

አሳ ሲትረፈረፍ ይሄ ልዩነት ምንም አያመጣም። ትልቁ ጠግቦ ይተኛል፣ እናት ቀሪውን እየቆነጠረች ለትንሿ ታጎርሳለች። አሳ ሲያንስ ግን ትልቁ አይጠግብም፣ ካልጠገበ አይተኛም፣ ካልተኛ ትንሿ አፏን በከፈተች ቁጥር ይቀጠቅጣታል። እሷም ቀስ በቀስ መለመን ትተዋለች። እናት የምታጎርሰው ለሚለምናት ስለሆነ የሆነው ይሆናል። በክፉ ዓመት ሦስቱም ከሚያልቁ አንዱ ይትረፍ ነው የተፈጥሮ ስሌት። ጨካኝ ነው፣ ግን ስሌት ነው።

ስለዚህ ድብደባውን ተወውና አባትየውን ተመልከት። ጫጩቶቹ ትንሽ እያሉ የሚያድነው እሱ ነው፣ እናት ከጎጆው ብዙም አትርቅም። በቀን ስንት ጊዜ ይዞ ይመጣል? ምን የሚያህል አሳ?

ፖቶማክ_ዳር፦
እኔ ግራ ገባኝ። አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ስሄድ የማየው ጎጆ ላይ ሦስቱም ጫጩቶች ደህና ናቸው። ድብደባ የሚባል ነገር የለም። አባታቸው የሚያመጣው አሳ ጭራው ተንጠልጥሎ ይታያል፣ አንዳንዴ አምባዛ ነው። እናትየው ራሷ ተርፏት ጎጆው ጠርዝ ላይ ትተወዋለች። በመኪና ሦስት ሰዓት በማይሞላ ርቀት እንዲህ የተለያየው ለምንድን ነው?

ሃምፕተን_ነዋሪ፦
አሁን ነው የገባኝ። ጠዋቱን ሙሉ ተቀምጬ አባትየውን አንዴ ብቻ ነው ያየሁት። የያዘውም ከመዳፌ የማትበልጥ አሳ ነበረች። ጭንቅላቷን ራሱ በልቶ ነው የመጣው። ትልቁ ጫጩት ጨርሶ ወሰዳት።

ወፍ_አያመልጠኝም፦
ጭንቅላቱን መብላቱ ልማዱ ነው፣ እሱም መኖር አለበት። ዋናው ግን ሁለታችሁ ያመጣችሁት ንጽጽር ነው፣ ምክንያቱም የቼሳፒክ ቤይ (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የገባው ትልቁ የባሕር ሰላጤ) ታሪክ አሁን በሙሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ቤዩ ከላይ፣ ወንዞቹ በሚገቡበት በኩል ጨው የለውም። ወደ ታች፣ አትላንቲክ ወደሚገናኝበት አፍ ስትወርዱ ጨዋማ ይሆናል። ፖቶማክ ያሉት ጊዛርድ ሻድ የሚባለውን አሳና አምባዛ ይበላሉ። በተለይ ሰማያዊ አምባዛ የሚሉት ከሌላ አካባቢ መጥቶ ወንዞቹን ወርሯቸዋል፣ ለኦስፕሬዮቹ ሠርግና ምላሽ ሆኗል። ጨዋማው ክፍል ያሉት ግን ከድሮ ጀምሮ የሚያሳድጉት በመንሃደን ነው። መንሃደን ሰው የማይበላው፣ አጥንቱ የበዛ፣ ግን ቅባቱ የትየለሌ የሆነ አሳ ነው። በመንጋ ከውሃው ገጽ ብዙ ሳይርቅ ይዋኛል። ለኦስፕሬይ ከዚህ የተመቸ ምግብ የለም።

የዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች፣ የብራያን ዋትስ ቡድን፣ ከሃምፕተን ብዙም የማይርቀውን ሞብጃክ ቤይን ለረጅም ዓመታት ተከታትለውታል። እነሱ እንደሚሉት ቁጥሩ እንዳይቀንስ አንድ ጥንድ በአማካይ በዓመት 1.15 ጫጩት ማብረር አለበት። ሞብጃክ ላይ ያለው ከዚያ እጅግ ወርዷል። በ2021 ደግሞ ጥሩ ነገር ሠሩ። ለተወሰኑ ጎጆዎች መንሃደን እየወሰዱ ጨመሩላቸው፣ ሌሎቹን እንዳሉ ተዉአቸው። የተጨመረላቸው ጎጆዎች ያሳደጉት ጫጩት ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ወላጆቹ አልሰነፉም፣ ጎጆውም ጤነኛ ነው። የጎደለው አሳው ነው።

(ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳያምታታችሁ።)

ማስረጃ_አምጡ፦
ቆይ ቆይ፣ አትቸኩሉ። እኔ ኖርፎክ ነው የምኖረው፣ ኦስፕሬይ የሌለበት ምሰሶ የለም። ድልድይ ላይ፣ የስታዲየም መብራት ላይ፣ የስልክ ማማ ላይ። በታሪክ እንዲህ በዝቶ አያውቅም። እኔ የሚመስለኝ ከመጠን በላይ በዝቶ እርስ በርሱ አሳ ተሻማ ነው። መንሃደን የሚያጠምደውን የአሳ ፋብሪካ መክሰስ ፋሽን ሆኗል። መንሃደን በአጠቃላይ በአትላንቲክ ዳርቻ አልተመናመነም ብሎ በ2022 የወጣ ግምገማ እንዳለም አንብቤያለሁ።

ወፍ_አያመልጠኝም፦
መብዛቱ እውነት ነው። በ1973 በቤዩ ዙሪያ 1,450 ጥንድ ገደማ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ 3,500 ደረሰ። አሁን ከ8,000 እስከ 10,000 ይገመታል። ግን ሁለት ነገር ልብ በል።

አንደኛ፣ ኦስፕሬይ ብዙ ዓመት ይኖራል፣ 15 እና 20 ዓመት የሞላው አለ። አዋቂው በየመጋቢቱ ያችኑ ጎጆ ፈልጎ ይመጣል። አንድም ልጅ ሳያሳድግ አሥር ዓመት ምሰሶው ላይ ሊታይህ ይችላል። ምሰሶው ላይ ወፍ አለ ማለት ነገ የሚተካው አለ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ችግሩ መብዛት ቢሆን ኖሮ ላይኛው ክፍልም ይራብ ነበር። እዚያም ጎጆው ተጨናንቋል፣ ሦስት ሦስት ያሳድጋሉ። ይኸው ፖቶማክ_ዳር ነገረችህ።

የ2022ቱ ግምገማ ስለ ጠቅላላው የባሕር ዳርቻ ነው እንጂ ስለ ቤዩ ለብቻው አይደለም። ኦስፕሬይ ደግሞ ኒው ጀርሲ ሄዶ አጥምዶ አይመለስም፣ ከጎጆው ጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን ነው የሚያውቀው። ሜሪላንድ በራሷ ውሃ ላይ መንሃደንን ከቦ በሚይዝ ትልቅ መረብ ማጥመድ ከልክላለች። ቨርጂኒያ ትፈቅዳለች፣ ሪድቪል ላይ ለዱቄትና ለዘይት የሚያመርት ፋብሪካ አለ። ከቤዩ ውስጥ እንዲወጣ የሚፈቀደው ጣሪያ በዓመት 51,000 ቶን ነው። አሳው የቀነሰው በመረቡ ነው፣ በውሃው ሙቀት ነው፣ መንገዱን ቀይሮ ነው የሚለው ክርክር ገና አላለቀም፣ እዚያ ላይ ከአንተ ጋር አልጣላም። ጫጩቶቹ የሚሞቱት በረሃብ መሆኑ ግን በጥናቱ ታይቷል።

ማስረጃ_አምጡ፦
የላይኛው ቤይ ነጥብህ ጥሩ ናት። አሳምነኸኛል አልልም፣ ግን ጥሩ ናት።

ፖቶማክ_ዳር፦
በ1973 ለምን ያን ያህል አነሱ?

ወፍ_አያመልጠኝም፦
ዲዲቲ። ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ ለትንኝ፣ ለእርሻ፣ ለሁሉም ይረጭ ነበር። ወደ ውሃ ይወርዳል፣ በጥቃቅኑ ነፍሳት ይገባል፣ ትንሹ አሳ ያንን ይበላል፣ ትልቁ አሳ ትንሹን ይበላል፣ እየተጠራቀመ መጨረሻ ላይ ኦስፕሬይ ሆድ ውስጥ ይገባል። ወፏን በቀጥታ አይገድላትም። የእንቁላሏ ቅርፊት የሚሠራበትን ካልሲየም ነው የሚያስተጓጉለው። ቅርፊቱ ይሳሳና እናት ልታሞቀው ስትቀመጥበት ይሰበራል።

ይሄን ለማወቅ የተሠራ አንድ ሙከራ አለ፣ በጣም እወደዋለሁ። ኮኔቲከት ላይ ኦስፕሬይ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ግማሹ ሰው ረብሻ ስለሚበዛባቸው ነው ይላል፣ ሌላው አሳ ስላነሰ ነው ይላል። ፖል ስፒትዘር የሚባል ወጣት ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንቁላል አለዋወጠ። ከሜሪላንድ ጎጆ አንሥቶ ኮኔቲከት አስቀመጠ፣ የኮኔቲከቱን ወደ ሜሪላንድ ወሰደ። የሜሪላንዱ እንቁላል ኮኔቲከት እናት ሥር በደህና ተፈለፈለ። የኮኔቲከቱ ግን ሜሪላንድም ሄዶ አልሆነለትም። እናቶቹም አካባቢውም ንጹህ ሆኑ፣ ጥፋቱ እንቁላሉ ውስጥ ተገኘ። ዲዲቲ አሜሪካ ውስጥ በ1972 ታገደ፣ ኦስፕሬዩም አንሰራራ።

የሐዋሳ_ልጅ፦
ይሄ ለእኛም ቅርብ ነው። ዲዲቲ አገር ቤት ለወባ ቤት ውስጥ ሲረጭ እስከ ቅርብ ጊዜ ነበር። በ2014 የወጣ ጥናት ዝዋይ ሐይቅ ላይ አሳ የሚበሉ ወፎች ሰውነት ውስጥ ቅሪቱን አግኝቷል።

ለመሆኑ ኦስፕሬይ እኛም ጋ ይመጣል እኮ። ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ጫሞ፣ ጣናም ጭምር። ከመስከረም ጀምሮ ይታያል፣ ወደ መጋቢት ይሄዳል። አሞራ ገደል አሳ ገበያው ላይ አባ ኮዳውን ፎቶ ሲያነሳ የሚውል ቱሪስት ቀና ቢል ያየው ነበር። የራሳችን ነጭ ራስ አሳ አዳኝ ንስር ዛፉ ላይ ሆኖ አገር እስኪሰማ ይጮኻል፣ ይሄኛው ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሠራው። ቀረሶ ይዞ ሲነሣ ንስሩ ካየው አሳዶ ሊነጥቀው ይሞክራል።

የእኛዎቹ ከአሜሪካ የሚመጡ ናቸው?

ወፍ_አያመልጠኝም፦
አይደሉም። ወደ እኛ የሚመጡት ከሰሜንና ምሥራቅ አውሮፓ፣ ከሩሲያም የተነሡ ናቸው። የቼሳፒኮቹ በፍሎሪዳ፣ ኩባና ሂስፓንዮላ አድርገው ካሪቢያንን ያቋርጣሉ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ ባሕር ላይ፣ ከዚያ ቬኔዝዌላ፣ ኮሎምቢያ፣ ብራዚል። የእንግሊዝና የስኮትላንዶቹ ደግሞ ሴኔጋልና ጋምቢያ ይወርዳሉ። አንድ ዝርያ ነው፣ ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር አለ።

ዶሮ_ወጥ_ብቻ፦
ልጆቹን ማን መንገድ ያሳያቸዋል? ጂፒኤስ አላቸው እንዴ?

ወፍ_አያመልጠኝም፦
ማንም አያሳያቸውም። እናት ቀድማ ትሄዳለች፣ አባት ልጆቹን ትንሽ መግቦ ይሄዳል፣ ልጅ ብቻውን ቀርቶ አንድ ቀን ይነሣል። ማንንም ሳይከተል ባሕር ያቋርጣል፣ ብዙዎቹም በዚያ መንገድ ያልቃሉ። የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ሐዋሳ ላይ በሐምሌም ኦስፕሬይ የሚታየው፣ ገና ያልተመለሰ ወጣት ነው። ባልና ሚስቱም የፈረንጁን ክረምት (የብርዱን ወራት) አብረው አያሳልፉም። የየራሳቸው ቦታ ሄደው በመጋቢት ጎጆው ላይ ይገናኛሉ። እንደ እኔ ግምት ታማኝነታቸው ለጎጆው ነው፣ ለትዳሩ ሁለተኛ ነው።

ጋሽ_መርከበኛ፦
ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። በወጣትነቴ ቀይ ባሕር ላይ አገልግያለሁ። ይሄን ወፍ ከምጽዋ ወዲያ ዳህላክ ደሴቶች ላይ በደንብ አውቀዋለሁ። የእኛው ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው እንጂ የትም አይሄድም። ጎጆውም ዛፍ ላይ አይደለም፣ ዛፍ የት አለና። መሬት ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ አንዳንዴ ባሕሩ በተፋው የመርከብ ስብርባሪ ላይ እንጨት ይከምራል። የደረቀ የአሳ አጥንት፣ ገመድ፣ የመረብ ቁራጭ፣ ያገኘው ሁሉ አለበት። ቀበሮ የሌለበት ደሴት ስለሆነ ማንም አይነካውም።

አሳ ሲይዝ ደግሞ ማየት ነው። ከላይ ክንፉን እያርገበገበ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ከዚያ ክንፉን አጥፎ ይወረወራል። ውሃው ጋ ሲደርስ እግሩን ከምንቃሩ ፊት ያስቀድማል። ሙሉ ገላው ይጠልቅና ተመልሶ ሲወጣ አየር ላይ እንደ ውሻ ራሱን ያራግፋል። አሳውን ሁለት እግሩን አስከትሎ ጭንቅላቱን ወደ ፊት አድርጎ ነው የሚሸከመው።

ወፍ_አያመልጠኝም፦
ጋሼ፣ እንኳን ገቡ። ስለ እግሩ ያነሡት ዋናው ነገር ነው። ውጪኛው ጣቱ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ስለዚህ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ አድርጎ ይጨብጣል። ሌሎቹ ጭልፊቶችና ንስሮች ይሄን አይችሉም፣ ጉጉት ይችላል። መዳፉ ሥር ደግሞ እሾህ እሾህ የሚል ሻካራ ቆዳ አለው፣ የሚያሙለጨልጭ አሳ እንዳያመልጠው። አፍንጫውን ሲጠልቅ ይዘጋል። ግን ዋናተኛ አይደለም፣ ከአንድ ሜትር በላይ አይወርድም። ለዚህ ነው ላይ ላይ የሚዋኝ አሳ ከጠፋ ምንም ማድረግ የማይችለው፣ ጥልቁ ውስጥ ቢሞላም ለእሱ የለም ማለት ነው። ጋሼ፣ እነዚያ የሚፈለፍሉት በየትኛው ወር ነበር?

ጋሽ_መርከበኛ፦
ከገና ወዲህ ነው፣ በብርዱ። በሙቀቱ ወራት እዚያ ድንጋዩ እንቁላል ይቀቅላል እኮ ልጄ።

አቡዳቢ_ሰፈር፦
ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ እዚህ ኤምሬትስ ደሴቶቹ ላይም እንደዚያው ነው። በብርዱ ወር ይጥላሉ፣ ሙቀቱ ሳይገባ ልጆቹ ይበራሉ። ጎጆውም መሬት ላይ ነው። ለዚህ ሲባል በጎጆ ወቅት ደሴቶቹ ላይ ከጀልባ መውረድ የማይፈቀድበት ቦታ አለ። ሰው ሲጠጋ እናት ትነሣለች፣ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ይቀራል፣ ለደቂቃዎች ከሆነ ይተርፋል፣ ሽርሽር ከሆነ አለቀ።

ሃምፕተን_ነዋሪ፦
ሌላ ጥያቄ። ጎጆው ጠርዝ ላይ የአሳ ማጥመጃ ክር ተንጠልጥሎ አያለሁ። ይጎዳቸዋል?

ወፍ_አያመልጠኝም፦
በጣም። ኦስፕሬይ ጎጆውን የሚያለሰልሰው ያገኘውን ለቃቅሞ ነው። ሣር፣ የባሕር አረም፣ ፌስታል፣ ሲባጎ፣ የእኛ ክር። ጫጩቷ እግሯ ይጠመጠምበታል፣ ስታድግ ክሩ አብሯት አያድግም። ለመብረር ስትነሣ ተንጠልጥላ ትቀራለች። እኛ ሐበሾች ድልድይ ላይ ስናጠምድ የተወሳሰበ ክር ቆርጠን እዚያው መወርወር ልማድ አድርገነዋል፣ እባካችሁ ተዉ። ብዙ ማጥመጃ ቦታ ላይ ክር የሚጣልበት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ተተክሏል፣ እሱ ውስጥ ክተቱ። ከሌለ ቆራርጣችሁ ወደ ቤት። ጫጩት ተጠምጥሞበት ካየህ ራስህ አትውጣ፣ የክፍለ ሀገሩ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጋ ደውል፣ ጀልባና መሰላል ያለው ሰው ይልካሉ።

ፖቶማክ_ዳር፦
ባለቤቴ ይሄን ውይይት አንብቦ ሜሪላንድ ያለው የአጎቱ ቤት ጓሮ፣ ውሃው ዳር፣ ጎጆ ማስቀመጫ ልትከል እያለ ነው። ይሆናል?

ወፍ_አያመልጠኝም፦
ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቅ፣ ውሃ ውስጥ ምሰሶ መትከል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከላይ የሚቀመጠው ጠረጴዛ በየጎኑ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ዝናብ እንዳያቁር ወለሉን ሙሉ ጣውላ ሳይሆን ክፍተት ያለው ያድርገው። ጠርዙን ትንሽ ከፍ ያድርግ፣ እንጨቱ በንፋስ እንዳይወድቅ። ምሰሶው ላይ ራኩን (እንቁላልና ጫጩት የሚበላ ትንሽ አውሬ) እንዳይወጣ ቆርቆሮ ይጠቅልልበት፣ እሱን ከረሳ ለራኩን ድግስ ነው የደገሰው። ዙሪያው ከእሱ የሚበልጥ ዛፍ አይኑር፣ ከፍ ያለ ነገር ይወዳሉ፣ ከዛፉ ላይ ጉጉት በሌሊት ጫጩት ይወስዳል። ከየካቲት በፊት ይትከለው፣ በመጋቢት ይደርሳሉና።

ዶሮ_ወጥ_ብቻ፦
ኪራይ ይከፍላሉ?

ወፍ_አያመልጠኝም፦
በአሳ አጥንት። መኪናህን ከሥሩ አታቁም።